እመጣለሁ ያልኩበት ማክሰኞ

ሞንቴቪዴዮ በመጣሁ በሳምንቴ አንድ አትክልት ሻጭ አስለቀሰኝ። ምንም አልበደለኝም እኮ። የድንብላል ቅጠል አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት፣ "የለም" አለኝ። አለቀ በቃ። "የለም" ብሎ ወደ ቲማቲሙ ዞረ። እኔ በሩ ላይ ተገትሬ ቀሪውን እጠብቃለሁ፤ "ወይኔ የኔ እመቤት፣ አሁን በዚች ደቂቃ አለቀ፣ ነገ ጠዋት ብቅ ብትይ ምናልባት" የሚለውን። እኛ አገር፣ ኮስታሪካ፣ በዕድሜው ድንብላል ሸጦ የማያውቅ ሰው እንኳን እንደዚያ ነው የሚልሽ። ነገ ብትሄጂ እንደማይኖር አንቺም ታውቂያለሽ፣ እሱም ያውቃል፣ ግን ተፋቅራችሁ ትለያያላችሁ። የዚህ አገር ሰው "የለም" ካለ የለም ነው። እንባዬን እየጠረግኩ ቤቴ ገባሁ።

አንድ የዚህ አገር ሰው ተከትዬ ነበር የመጣሁት። ሰውየው ሄደ፣ እኔ ቀረሁ። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ራት ማታ በአራት ሰዓት መብላት ለመድኩ። ወንዱም ሴቱም ጉንጭ እየሳመ ሰላም ሲል መደንገጥ ተውኩ። ፊት ለፊት "ወፍረሻል" ሲሉኝ መሳቅ ቻልኩ። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለኝ፤ እምቢ ማለት።

እናቴ ኦሮሲ በምትባል መንደር ሰባት ልጅ ስታሳድግ "አይ" የሚል ቃል ከአፏ ሲወጣ አልሰማሁም። እኛ ዘንድ ሰርግ የጠራሽው ሰው ሁሉ "እንዴታ! በደስታ! እግዜር ካለ እመጣለሁ!" ይልሻል። ግማሹ አይመጣም። የሙሽራዋ እናት ለግማሹ ብቻ ትቀቅላለች፤ ምግብ ተርፎም ጎድሎም አያውቅም። እንዴት አወቀች አትበሉኝ። የሚመጣ ሰው "በስንት ሰዓት? ምን ይዤ ልምጣ?" ብሎ ይጠይቃል። የማይመጣ ሰው እግዜርን ይጠራል። በዚያ ላይ የምርሽን የምትፈልጊው ሰው ከሆነ ሦስት ጊዜ ትጠሪዋለሽ፣ በሦስተኛው ልቡ ምን እንደሆነ ከፊቱ ታነቢያለሽ። ማንም አላስተማረንም። ከእናታችን ጡት ጋር ነው የጠጣነው። ውሸት ነው ብሎ ያሰበ ሰው በመንደራችን የለም፤ እኔም አላሰብኩም ነበር።

ኔሊዳ ከእኔ ፊት ለፊት ነው በሯ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ወደብ አጠገብ ያለ አሮጌ ሕንፃ። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጋዜጣ ቤት አራሚ ነበረች፤ የሌላውን ሰው ስህተት በቀይ እስክሪብቶ ስታሳድድ ኖራ ነው ጡረታ የወጣችው። ያውም በአንድ ዓይን። ግራ ዓይኗን የስድስት ዓመት ልጅ ሆና ወንድሟ በወንጭፍ አጥፍቶታል።

የተዋወቅነው በቀይ እስክሪብቶ ነው። እታች ያለው የሕንፃው በር ሲላተም ልቤ እየራደ አስቸገረኝና አንድ ወረቀት ለጠፍኩበት፤ "ውድ ጎረቤቶቼ፣ እንዳላስቸግራችሁ፣ የሚቻላችሁ ከሆነና ቅር ካላላችሁ፣ ይህን በር ስትዘጉ ቀስ ብትሉልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።" ከሥራ ስመለስ ሁሉም በቀይ ተሰርዟል። ከላይ "በሩን አታላትሙ" ተብሎ ተጽፏል። ኔሊዳ እዚያው ቆማ እስክሪብቶዋን ትከድናለች።

"ያንቺ ነው?" አለችኝ። "ቃላት አባክነሻል።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዶኛ ኔሊዳ።"

"ዶኛም አትበይኝ፣ አንቱም አትበይኝ። አንቱ ስባል የሞትኩ ይመስለኛል።"

እኛ አገር ውሻውንም አንቱ ነው የምንለው ብዬ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና "ታዲያ ውሻው ይነክሳል ወይስ ይቅርታ ይጠይቃል?" አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደድኳት። አንቺ ለማለት ግን ዓመት ፈጀብኝ።

ባለፈው ግንቦት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ፔርሙዟን በብብቷ፣ ማቴዋን በእጇ ይዛ በሬን አንኳኳች። ማቴ በቅል ተደርጎ በቀሰም የሚመጠጥ መራራ የቅጠል ሻይ ነው፤ እዚህ አገር ሰው ያለ ማቴው የትም አይሄድም። አልቀመጥም አለች።

"ማክሰኞ ዓይኔን ይሠሩኛል" አለችኝ። "ሞራ ነው። ጋዜጣው ከነአጉሊ መነጽሩም ጭጋግ ሆኖብኛል። ያው የቀረኝ እሱ ዓይን ብቻ ነው። ሲሠሩኝ በዚያው ቀን ያስወጡኛል፤ ግን አብሮት ሰው የሌለውን አይነኩም፣ ደንብ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከዚህ እንነሳለን፣ ስምንት ሰዓት ላይ እንመለሳለን። ትመጫለሽ?"

"እንዴታ ኔሊዳ!" አልኳት። "በደስታ! ምን ችግር አለው! እግዜር ካለ!"

አፌ ነው ያለው። ጭንቅላቴማ ማክሰኞ ምን ቀን እንደሆነ ያውቃል። የምሠራው ልብስ ንጽሕና ቤት ነው፤ ማክሰኞ የሆቴሎቹ አንሶላ በሙሉ የሚመጣበት ቀን ነው። አለቃዬን ፈቃድ መጠየቅ ነበረብኝ። አለቃዬን ደግሞ አንድ ጊዜ ለወንድሜ ሰርግ አገሬ ልሂድ ብዬው "አይ፣ አይሆንም" ብሎኝ መተኮሻው ክፍል ገብቼ አልቅሻለሁ። ያንን ቃል ደግሜ ከምሰማ ሞት ይሻለኛል። እና ኔሊዳን "እግዜር ካለ" አልኳት። ሰዓቱን አልጠየቅኳትም፤ ራሷ ነገረችኝ። ምን ልያዝልሽም አላልኳት። እኛ መንደር ይህንን የሰማች ሴት ፊቷን አዙራ በቀጥታ ወደሌላ ጎረቤት ትሄድ ነበር፣ ቂምም አትይዝ።

ኔሊዳ ግን "ጥሩ" አለችኝ። ከማቴዋ አንዴ ሳብ አደረገችና ገባች።

ሰኞ ደረጃ ላይ ተገናኘን። ትደግመዋለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ከደገመችው በዘዴ ላሳውቃት፣ ትንሽ ራሴን ያመኝ ጀምሯል ምናምን ልላት ተዘጋጅቻለሁ። "ደህና ዋልሽ" ብላኝ አለፈች። ደስ አለኝ እንጂ! ሌላ ሰው አግኝታለች ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ለእሷ ግን ነገሩ እሑድ ዕለት አልቋል። አንዴ እሺ ያለን ሰው ደግሞ መጠየቅ ሰውየውን ውሸታም ማለት ነው። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው።

እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን አንድ ነገር አለ። ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ስወጣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የወረድኩት። የእሷ ሬዲዮ ዜና ያወራል፣ እሷ ከወዲህ ወዲያ ስትል ወለሉ ይንቋቋል። ሌላ ሰው አግኝታለች ብዬ ከልቤ ካመንኩ፣ በባዶ እግሬ በሲሚንቶ ደረጃ በዚያ ብርድ ምን አስወረደኝ? ይህችን ጥያቄ ስንት ወር ሙሉ ሸሸኋት።

አንሶላ ሳጥፍ ዋልኩ። ማታ ወደ አንድ ሰዓት ግድም ቤቴ ገብቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ በሩ ተንኳኳ። ኔሊዳ ናት። ባርኔጣ አድርጋለች፣ ትንሿ ቦርሳዋ በእጇ ነው።

"ደህና ነሽ?" አለችኝ። "ምን ሆነሽ ነው?"

አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ በሯ ላይ ቆማ ጠብቃኛለች። ከዚያ በሬን ደብድባለች። ጆሮዋን ለጥፋ አዳምጣለች። ወድቄ ራሴን የሳትኩ መስሏት የሕንፃውን ጠባቂ ጠርታለች፤ እሱ ቁልፍ የለኝም አላት። ሰዓቱ ሲያልፍባት በታክሲ ብቻዋን ሄደች። እዚያ "ሰው የለሽም?" አሏት። "አለኝ፤ ግን አንድ ነገር ደርሶባታል" አለቻቸው። ደንባቸው ነውና መለሷት። ቀጣዩ ቀጠሮ ለነሐሴ መጨረሻ ተሰጣት። ከዚያ ተመልሳ ቀኑን ሙሉ በሬን ስታንኳኳ ዋለች።

ስለ ቀጠሮው አይደለም የምታወራው። ስለ እኔ ነው የተጨነቀችው። ሰው እመጣለሁ ብሎ ካልመጣ ወይ ታሟል ወይ ሞቷል፤ ሌላ ነገር ሊኖር እንደሚችል በሐሳቧ አልመጣም።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት። ዓይኔን በጨው አጥቤ "ትኩሳት ነው" አልኳት። "ሌሊቱን ሙሉ ሲያተኩሰኝ አድሮ… ክኒን ወስጄ… ምንም አልሰማሁም።"

ካፖርቴን እንደለበስኩ ቆሜያለሁ፤ እሷ ግን ከጭጋጉ ውስጥ ካፖርትና የሌሊት ልብስ አትለይም። እጇን ዘርግታ ግንባሬን ፈለገች፣ አገኘችው።

"እውነትም ታቃጥያለሽ" አለችኝ።

ሐፍረት ነው ያቃጠለኝ። ጎትታ አስተኛችኝ። የዱባ ሾርባ ሠርታ፣ ጎድጓዳ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ፣ መተላለፊያውን በእግሯ እየዳበሰች አመጣችልኝ። ግማሹ መንገድ ላይ ፈስሷል። በማንኪያ አጎረሰችኝ። ልክ ናፕኪኑን አገጬ ስር ስታደርግልኝ እዚያው ብነግራት ኖሮ አሁን ሌላ ታሪክ ነበር የማወራችሁ። ዋጥኩት፤ ሾርባውንም ነገሩንም።

በማግስቱ ውሸቴን ለማስተካከል መተኛት ግድ ሆነብኝ። አለቃዬ ጋ ፈራ ተባ እያልኩ ደወልኩና አሞኛል አልኩት። "እሺ ተኚ" አለኝ። በቃ። "እሺ ተኚ።" ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ። ማክሰኞን ብጠይቀው ምን ይለኝ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ሳልጠይቀው በሱ አፍ እምቢ ያልኩት እኔው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ለኔሊዳ የማላደርገው ነገር ጠፋ። ዳቦ እገዛለሁ፣ መስኮት እወለውላለሁ፣ ለነሐሴው ቀጠሮ ፈቃዴን ገና በሰኔ ወስጄ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ ቀኑን በወረቀት ለጥፌያለሁ። ይካሳል ብዬ ነው። ሦስት ወር ምን አላት፣ ሞራ እንደሆነ የትም አይሄድ እያልኩ ራሴን አባብላለሁ።

ቀጠሮው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እዚህ በነሐሴ ብርዱ አጥንት ሲገባ፣ አንድ ቀን ጠዋት ስገባ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ባልዲ ይዛ ታስመልሳለች። ደህናው ዓይኗ ደም መስሏል። "ከውስጥ በመዶሻ የሚመታኝ ሰው አለ" አለችኝ። ተሸክሜያት ልወርድ ምንም አልቀረኝም። ታክሲ ውስጥ እጄን ጨምቃ ያዘች፤ ኔሊዳ የሰው እጅ የምትይዝ ሴት አልነበረችም።

ሞራው ቆይቶ አብጧል፤ የዓይኗን ግፊት አንሮታል። በዚያው ቀን ሠሯት። ያየቻት ሐኪም ወጣት ሴት ናት፣ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ያሰረች። ወረቀቱን አገላበጠችና "በግንቦት ቀጠሮ ነበራት እኮ። ለምን እስካሁን ቆየ?" አለች።

"ጎረቤቴ ታማብኝ ነበር" አለች ኔሊዳ።

እኔ እዚያው ነኝ፣ ካፖርቷን ታቅፌ። ወቀሳ አይደለም፣ አልሸነቆጠችኝም፤ ስለ ዝናብ እንደምታወራ ነው የተናገረችው። ሐኪሟ አየችኝ፣ አንገቴን ደፋሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ ፋሻው ተነሳ። ብርሃንና ጨለማ ትለያለች፣ መስኮቱ የት እንደሆነ ታውቃለች፣ ሰው በፊቷ ሲያልፍ ጥላውን ታያለች። ፊደል ግን የለም። "ይመለሳል?" አለች ኔሊዳ። "አይመለስም" አለች ሐኪሟ። "ይህ የቀረው ራሱ ይቆያል ብዬ ቃል አልገባልሽም።" እኛ አገር ቢሆን "እግዜር ያውቃል፣ እናያለን፣ ተስፋ አንቆርጥም" ተብላ ከረሜላ ተሰጥቷት ነበር የምትወጣው። ኔሊዳ ራሷን ነቀነቀችና "ግልጽ ነው" አለች። ከሁለታችን ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ያጽናናችኝም እሷ!

ከዚያ ጋዜጣ ማንበብ ጀመርኩላት። በየቀኑ፣ ከሥራ ስመለስ። ፔርሙዟን ይዛ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች፣ እኔ ከርዕሰ አንቀጽ እስከ ለቅሶ ማስታወቂያ አነባለሁ። እሷ ታርማለች።

"አሁን ትንፋሽ የወሰድሽው ነጠላ ሰረዝ ኖሮ ነው?"

"የለም።"

"መኖር ነበረበት። ጀማሪዎች። ቀጥይ።"

አንዳንዴ ያው ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ደስታው ውስጥ እሾህ አለው። ዳቦ ቤት ስገባ "ይኸው መልአኳ መጣች" ይሉኛል። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ሚርታ፣ ፀጉሯን ቀይ የምትቀባው ጡረተኛ ነርስ፣ ደረጃ ላይ አቁማ "አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጣት ነበር!" ትለኛለች። እኔ ባልኖር ኖሮማ ጋዜጣዋን ራሷ ታነብ ነበር። ይህን እየዋጥኩ ፈገግ እላለሁ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ ያ የውሸት ትኩሳት እውነተኛ ሊሆንብኝ ምንም አልቀረው።

በጥቅምት ሳልቶ በምትባል ሩቅ ከተማ ለምትኖረው ለወንድሟ ልጅ ደብዳቤ ልታስጽፈኝ ፈለገች። ልጅቱ መጥታ ልትወስዳት፣ እሷ ዘንድ ልታኖራት ጠይቃለች። ኔሊዳ ከቤቷ መነቀል አትፈልግም። እሷ ትላለች፣ እኔ እጽፋለሁ። የጤናዋን ተናገረች፣ ሁለት ቦታ አራት ነጥብ አስደረገችኝ። ከዚያ እንዲህ አለች፤

"አትጨነቂ። ፊት ለፊቴ ዮርሌኒ የምትባል ጎረቤት አለችኝ። አራት ነጥብ። እመጣለሁ ካለች የምትመጣ ሰው ናት።"

"ዮርሌኒ" የሚለው ላይ ብዕሩ ቆመ። የራሴን ስም ጽፌ እጄ አልሄድ አለኝ።

"ጻፍሽ?"

ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አጋደምኩት።

"ምነው? ፈጠንኩብሽ?"

"አልታመምኩም ነበር" አልኳት።

"መቼ?"

"በግንቦት። ያን ማክሰኞ። ትኩሳት አልነበረኝም። ሥራ ነበርኩ፣ አንሶላ ሳጥፍ።" አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ። ስለ ኦሮሲ ነገርኳት፣ ስለ ሰርጉ፣ እግዜር ካለ ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ ሰዓት ያልጠየቀ ሰው እንደማይመጣ፣ ሦስቴ ሳትጠሪኝ ስትቀሪ ሌላ ያገኘሽ መስሎኝ… ስቀባጥር ስቀባጥር፣ ምክንያቴ እየረዘመ ሲሄድ ለራሴ ጆሮም እየቀለለብኝ መጣ። አንድ ቦታ ላይ አፌን ዘጋሁ።

ኔሊዳ ማቴዋን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችው። ለማስቀመጥ ሁለቴ ዳበሰች።

"እሑድ ዕለት እሺ ስትዪኝ እንደማትመጪ ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

"ማክሰኞ ጠዋት እየጠበቅኩሽ እንደሆነ ታውቂ ነበር?"

እኛ አገር የሚባለው ብዙ ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። "ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የወረድኩት" አልኳት።

ከታች የአውቶቡስ ድምፅ ይሰማል። ቁጣ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ፣ ማቴውን ብትወረውርብኝ በወደድኩ።

"ሰኞ ዕለት ሚርታ መጥታ ነበር" አለች በመጨረሻ። "ነገ ልሸኝሽ፣ ነርስ ነኝ፣ ሥራም የለኝ አለችኝ። አያስፈልግም፣ ዮርሌኒ አለችኝ አልኳት። ቅር ብሏት ነበር፤ እኔ እያለሁ እንዴት ወጣቷን አለች። እሺ ብላኛለች፣ አሁን ሌላ ሰው ብወስድ ሰድቤያታለሁ ማለት ነው አልኳት። ማክሰኞ ጠዋት ስትቀሪብኝ የሷንም በር አንኳኳሁ፤ ቀድማ ወጥታለች።"

እንዲህ ነው ያለችኝ። እኔን ላለመስደብ። የኔ እሺታ ባይኖር ሚርታ ትሄድ ነበር። ባዶ እጇን ትቻት ቢሆን እንኳን ይሻላት ነበር፤ እኔ ግን እጇን በባዶ ነገር ሞላሁት። ተንበርክኬ ጉልበቷን ያዝኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አፈር ልብላ፣ ምንም ነገር በዪኝ እያልኩ አለቀስኩ።

"ተነሺ" አለችኝ። "ጋዜጣውን እዚያ አስቀምጪውና ሂጂ። ነገ አትምጪ።"

"ከነገ ወዲያስ?"

"ከነገ ወዲያም።"

እኛ ዘንድ "አትምጪ" ማለት "ለምኚኝ" ማለት ነው። በማግስቱ ሩዝ በባቄላ ሠርቼ አንኳኳሁ። በሩን ከፈተች። "አትምጪ ብዬሻለሁ" አለችኝ፣ ሳትቆጣ፣ ቀስ ብላ ዘጋችው። በሦስተኛውም ቀን ሄድኩ። "ተቀይመሽኝ ነው አይደል?" አልኳት። "ተቀይሜሻለሁ፤ ግን የምከለክልሽ ለሱ አይደለም" አለች። "እንድትመጪ አልፈልግም። ይህን ነው ያልኩሽ።" ዘጠኝ ዓመት እዚህ ኖሬ አንድ እምቢታ እስከ መጨረሻው የገባኝ ያን ቀን ነው። ሩዙን ይዤ ተመለስኩ።

አሁን የምታነብላት ሚርታ ናት። በራፌን ከፈት ሳደርግ ድምፅዋ ይሰማኛል፤ ስትጣደፍ ቃል ትውጣለች፣ ኔሊዳ "ነጠላ ሰረዙን በላሽው" ትላታለች፣ ሚርታ ትስቃለች። ሳልቶ የሚሄደውን ደብዳቤ ማን እንደጨረሰው አላውቅም። ስለ እኔ ምን ተብሎ እንደተጻፈ መጠየቅም አልችልም።

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት ደረጃ ላይ አገኘኋት። ሕንፃችን ደረጃው መስኮት የለውም፤ በጠራራ ፀሐይም መብራት ካልተጫንሽ ድቅድቅ ነው፤ ማብሪያው ያበራል እንጂ አያጠፋም፣ መብራቱ ከደቂቃ በኋላ ራሱ ይጠፋል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳውን ተጠግታ ቆማለች፣ ጣቷ ማብሪያው ላይ ነው። ወደታች ስወርድ የእግሬን ኮቴ ሰማች።

"ማን ነው?"

ዝም ብዬ ላልፍ እችል ነበር። "ዮርሌኒ ነኝ" አልኩ።

ማብሪያውን ደግማ ተጫነችው፣ ቀጭ። ከዚያ አሁንም ቀጭ።

"ስጫነው ይሄ አራተኛዬ ነው" አለች። "አምፖሉ ተቃጥሎ ነው?"

ቀና አልኩ። አምፖሉ ከራሷ በላይ ቦግ ብሎ በርቷል። ነጭ ፀጉሯ ላይ፣ ጣቷ ላይ፣ የተከፈተ ዓይኗ ላይ ይወርዳል። ዓይኗ ቀጥ ብሎ እሱኑ ነው የሚያየው።

ከእናቴ የተማርኩት ሁሉ በአንዴ ጉሮሮዬ ላይ መጣ። አዎ ተቃጥሏል በያት። ለጠባቂው እነግረዋለሁ፣ ነገ ይቀይረዋል በያት። ምን ይጎዳል? ዛሬን በሰላም ትደር። እናቴ ብትሆን ይህን ሳትል አትቀርም፣ ጎረቤት ሁሉ ደግነቷን ያወሳ ነበር። ኔሊዳ ትጠብቃለች። የሌላ ሰው ድምፅ ቢሆን ኖሮ ብዬ ተመኘሁ፤ ሚርታ ትሁን፣ ጠባቂው ይሁን፣ ማንም።

"አልተቃጠለም" አልኳት። "በርቷል፣ ኔሊዳ።"

ጣቷን ከማብሪያው አላነሳችም። ፊቷ አልተለወጠም፤ ከንፈሯ ብቻ፣ የተሳሳተ ነገር ስትሰማ እንደምታደርገው፣ ትንሽ ጠበቅ አለ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

"እሺ" አለች። የደረጃውን መደገፊያ በእጇ ፈልጋ ያዘችና፣ አንድ በአንድ እየቆጠረች ወረደች።